ተጠባባቂ ወንበሩ ከገበያ ሳይሆን ከሰፈር ይሙላ

መቐለ 70 እንደርታ አራት የውድድር ዘመናትን ከሜዳ ርቆ በ2017 ዓ.ም. ከወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና ከስሑል ሽረ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሲመለስ፣ ከጦርነት ለወጣ ሕዝብ ያ ቀን ከስፖርት ያለፈ ትርጉም ነበረውና ደስታው የሚገባ ነበር። ነገር ግን ደስታው መልስ የሚሻ አንድ ጥያቄ ጋርዶ አልፏል፤ ክለቡ የመጀመሪያ ዐሥራ አንዱን ለማሟላት ከቻለ በኋላ፣ ከእነርሱ ጀርባ ማን እንደሚቀመጥ የጠየቀ አልነበረም። ክረምት ገብቶ የዝውውር መስኮት፣ ማለትም ክለቦች ተጫዋች እንዲያስፈርሙና እንዲለቁ በደንብ የሚፈቀድበት ጊዜ፣ በተከፈተ ቁጥር ውላቸው ያለቀ ቋሚ ተሰላፊዎች ሲሄዱ፣ መፍትሔው ሁልጊዜ ሌላ ፊርማ ፍለጋ ሆኖ መታየቱ ይህን ጋዜጣ ያሳስበዋል፤ ዝምታውም ሊቀጥል አይገባም ብሎ ያምናል።

የጋዜጣው አቋም ግልጽ ነው። ተጫዋች መሄዱ አደጋ አይደለም፤ ሙያው ነውና የተሻለ ክፍያና የተሻለ መድረክ የመፈለግ መብት አለው። አደጋው፣ ቋሚ ተሰላፊ በሄደ ቁጥር ቦታውን የሚረከብ፣ በክለቡ ቤት ያደገና የክለቡን አጨዋወት የሚያውቅ ወጣት አለመኖሩ ነው። አንድ ቡድን ጥልቀት አለው የሚባለው ብዙ ተጫዋች ስላስመዘገበ ሳይሆን፣ ዋናው ተሰላፊ ሲጎዳ፣ ሲቀጣ ወይም ሲለቅ ከተጠባባቂ ወንበር የሚነሣው ተጫዋች የጨዋታውን ደረጃ ሳያወርድ መቀጠል ሲችል ነው። በዚህ መለኪያ የመቐለ እግር ኳስ ጥልቀት የለውም፤ ይህም የአንድ ክረምት ጉድለት አይደለም።

ክለቡ በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገ በሁለተኛው ዓመት፣ በአሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ እየተመራ የ2011 ዓ.ም. ሻምፒዮን መሆኑ ማንም የማይረሳው ታሪክ ነው። ከዋንጫው በኋላ የሆነው ግን ብዙ አይወሳም። የመሐል ሜዳው ሞተር የነበረው ሀይደር ሸረፋ በዚያው ክረምት ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተዛወረ፤ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግም ቡድኑ በኢኳቶሪያል ጊኒው ካኖ ስፖርት ተሸንፎ በመጀመሪያው ዙር ተሰናበተ። ቀጥሎም የግብ አዳኙ አማኑኤል ገብረሚካኤል ያንኑ የሀይደርን መንገድ ተከተለ። በሻምፒዮንነት ማግስት አንድ ክለብ ትልቁ ሀብቱ ስሙ ነው፤ ስሙን ሰምተው በየሰፈሩ ኳስ የሚያንከባልሉ ልጆች ወደ ደጁ የሚጎርፉበት ወቅት ነው። ያ ወቅት ለታዳጊዎች ሥራ መሠረት ሳይጣልበት አለፈ፤ በግብ ጠባቂነት እንኳ ክለቡ ለዓመታት የተማመነው በኢኳቶሪያል ጊኒያዊው ፊሊፔ ኦቮኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ከክለቡ አቅም በላይ ነበርና በእርሱ ላይ የሚላከክ ጥፋት አይደለም። የ2012 ዓ.ም. ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ተሰረዘ፤ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ ሦስቱ የትግራይ ክለቦች ከሊጉ ወጡ፤ ተጫዋቾቻቸው በየክለቡ ተበተኑ፤ ቦታቸውም በማሟያ ውድድር በሌሎች ተሞላ። ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶርያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. እስኪፈረም ድረስ የክልሉ ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙና በጦርነቱ ምክንያት ተዘግተው ቆይተው ነበር፤ የመቐለ ትምህርት ቤቶችም የተከፈቱት ወደ ሦስት ዓመት ከሚጠጋ መቋረጥ በኋላ ነው። ይህ ለእግር ኳስ ምን ማለት እንደሆነ ቀላል ስሌት ይነግራል። በ2013 ዓ.ም. የ15 ዓመት ታዳጊ የነበረ ልጅ ክለቡ ሲመለስ የ19 ዓመት ወጣት ነበር። ተጫዋች ኳስ መቆጣጠርን ከልጅነቱ ቢማርም ከቡድን ጋር መናበብን፣ የቦታ አያያዝንና የውድድር ጫናን የሚማረው በእነዚህ ዓመታት ነው። ስለዚህ መቐለ ያጣችው የአንድ ክለብ ቋሚ ተሰላፊዎችን ብቻ አይደለም፤ እነርሱን ሊተኩ የሚገባቸው ልጆች የሚሠሩበትን ዘመን ነው። የተበተኑ ተጫዋቾችን በውል መልሶ ማሰባሰብ ይቻላል፤ ያልሠለጠነን ትውልድ ግን ከየትኛውም ገበያ መግዛት አይቻልም።

በዚህ ምክንያት ክለቦቹን ወደ ሊጉ የመለሰው ውሳኔ ፍትሐዊ ቢሆንም ግማሽ ውሳኔ ነበር ማለት ይቻላል። ክለቦቹ ቦታቸውን አገኙ፤ ቦታውን የሚያጸና የታዳጊዎች ማገገሚያ ዕቅድ ግን አብሮ ሲታወጅ አልተሰማም። ከሊጉ ርቀው በነበሩባቸው ዓመታት ሊጉ ከሱፐርስፖርት ጋር የአምስት ዓመት፣ የ22.5 ሚሊዮን ዶላር የቴሌቪዥን ስርጭት ውል ገብቶ የሌሎች ክለቦች ካዝና ሲደጎም፣ የትግራይ ክለቦች ከዚያ ገንዘብ ተጠቃሚ አልነበሩም። ውድድሩም ክለቦች በየከተማቸው የሚጫወቱበት መሆኑ ቀርቶ በተመረጡ አስተናጋጅ ከተሞች መካሄዱ፣ የመቐለ ደጋፊ በትግራይ ስታዲየም ትኬት ቆርጦ ክለቡን የሚደግፍበትን ዕድል ነፍጎታል። ገቢው ያነሰ ክለብ እኩል ገበያ ላይ ወጥቶ ከባለ ካዝናዎቹ ጋር በፊርማ ገንዘብ ቢፎካከር ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና ክለቦች በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቢሾፍቱ ላይ ተሰብስበው የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ እስከማበጀት መድረሳቸው፣ ግዢን መሠረት ያደረገ አካሄድ ለባለ ገንዘቦቹም ጭምር እንደከበደ የሚያረጋግጥ ነው። አብዛኞቹ ክለቦች በመንግሥት ተቋማትና በከተማ አስተዳደሮች በጀት የሚተዳደሩ በመሆናቸው፣ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የሚወጣው የፊርማ ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ዘር ሳይዘራ በየመኸሩ ነዶ የሚገዛ ገበሬ ዋጋው በናረበት ዓመት ጎተራው ባዶ ይቀራል፤ የክለቡም ዕጣ ከዚህ የተለየ አይሆንም።

ወጣቶች ይደጉ የሚል ሁሉ ግን አንድ አደጋ ጠንቅቆ ማወቅ አለበት። ገንዘብ ሲያልቅ ብቻ ወደ ወጣቶች መዞር መፍትሔ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. የሊጉ ሻምፒዮን የነበረው ደደቢት የገንዘብ ችግር ገጥሞት ታዋቂ ተጫዋቾቹን ካሰናበተ በኋላ፣ መቀመጫውን መቐለ አድርጎ በአብዛኛው በወጣቶች የ2011 ዓ.ም. ውድድርን ቢጀምርም ከሊጉ መውረዱ ይታወሳል። ያ ውድቀት ወጣቶች አይችሉም የሚል ማስረጃ ተደርጎ ሲጠቀስ ይሰማል፤ ይህ ስሕተት ነው። ደደቢት የወደቀው ወጣቶችን ስላሰለፈ ሳይሆን፣ በደረጃ ያላሳደጋቸውን ልጆች ልምድ ያለው ተጫዋች ሳይደግፋቸው በአንድ ጊዜ ስላሰለፈ ነው። ወጣት ተጫዋች ከቋሚዎቹ ጎን ጥቂት ደቂቃ፣ ከዚያ ግማሽ ጨዋታ፣ ከዚያ ሙሉ ጨዋታ እየተሰጠው ሲያድግ፣ ቋሚው በሚለቅበት ክረምት ተተኪው ዝግጁ ሆኖ ይገኛል። በሀገራችን ክለቦች ዘንድ ተስፋ ቡድን የሚባለው፣ ከዋናው ቡድን ሥር ሆኖ ነገ የሚተኩትን የሚያዘጋጀው ቡድን፣ ዓላማው ይኸው ነው።

በሀገር ውስጥም ለዚህ ምስክር አለ። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ዋንጫውን ከአዲስ አበባ ክለቦች እጅ ነጥቆ ሲወስድ፣ እንደ አዳነ ግርማና እንደ ሽመልስ በቀለ ያሉ ለብሔራዊ ቡድን የበቁ ልጆችን ያፈራ ክለብ መሆኑ በአጋጣሚ የመጣ አልነበረም። ሁለቱም በኋላ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄደዋል፤ ክለቡ ግን ከእነርሱ በኋላም በሊጉ ቆሟል። በውጭው ዓለም የስፔኑ አትሌቲክ ቢልባኦ በባስክ ምድር የተወለዱ ወይም በዚያ የሠለጠኑ ተጫዋቾችን ብቻ እያሰለፈ ከላ ሊጋ ወርዶ አያውቅም፤ ከሪያል ማድሪድና ከባርሴሎና በቀር ይህን ታሪክ የሚጋራው ክለብ የለም።

ይህ ሲባል ከሌላ አካባቢ ለሚመጣ ተጫዋች በር ይዘጋ ማለት እንዳልሆነ ጋዜጣው በአጽንዖት ያስታውቃል፤ የ2011ዱ ዋንጫ ከየአቅጣጫው የመጡ ተጫዋቾች ላብ ውጤት ነውና። ለመቐለ የሚስማማው የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር የሚሠራበት መለኪያ ነው። ማኅበሩ በውድድሮቹ ከሚመዘገቡ 25 ተጫዋቾች ስምንቱ በሀገር ውስጥ የሠለጠኑ፣ ከእነርሱም አራቱ በራሱ በክለቡ ያደጉ እንዲሆኑ ይጠይቃል። በክለብ ያደገ የሚባለውም ዜግነቱ ወይም የትውልድ ቦታው ሳይታይ፣ ከ15 እስከ 21 ዓመት ዕድሜው ውስጥ ሦስት ዓመት በክለቡ የተመዘገበ ተጫዋች ነው። መለኪያው ሥልጠና እንጂ ዘር አይደለም፤ ክለቡ ለልጅ ያፈሰሰው ጊዜ እንጂ የልጁ አድራሻ አይደለም።

ታዲያ ልጆቹ የት ናቸው? ከክለቡ ደጅ ሩቅ አይደሉም። በዓዲ ሓቂ፣ በሓውልቲ፣ በዓይደር፣ በሓድነትና በኲሓ ኳስ የሚጫወት ልጅ ጠፍቶ አያውቅም። የጠፋው ሜዳ፣ አሰልጣኝና ውድድር ነው። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ክፍት ቦታዎች ለግንባታ ውለዋል፤ በጦርነቱ ቤት ንብረታቸውን ያጡ ተፈናቃዮች በትምህርት ቤቶች ግቢ ተጠልለው ቆይተዋል። ተፈናቃዮቹ ወደ ቀያቸው በክብር እንዲመለሱ መሥራት ከማንኛውም ስፖርት የሚቀድም ግዴታ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ነገር ግን ሜዳ ያጣው ልጅ ጉዳይ ለሌላ ዘመን ሊተላለፍ አይችልም፤ ዕድሜ አይጠብቅምና። በዓዲ ሓቂ የሚገኘው የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስና ሌሎች የትምህርት ተቋማት በሳምንት መጨረሻ ቀናት ለታዳጊዎች ውድድር የሚሆን ቦታ ቢያመቻቹ፣ ከዓዲ ሓቂ ክፍለ ከተማ ብቻ ክለቡ ለዓመታት የሚመለከተው የተጫዋች ምንጭ ይገኛል። ለዚህ ከሚያስፈልገው ወጪ ለአንድ ተጫዋች የፊርማ ገንዘብ የሚከፈለው ሊበልጥ ይችላል።

ስለዚህ የክለቡ አመራር ከዓመታዊ በጀቱ የተወሰነውን ድርሻ ለታዳጊና ለተስፋ ቡድን ብቻ እንዲውል በግልጽ ቢለይ፣ ገንዘቡም በውድድር ዘመን አጋማሽ ችግር ቢገጥም እንኳ ለዋናው ቡድን እንዳይዞር ቢያደርግ፣ ከተስፋ ቡድን የሚያድጉ ተጫዋቾችን ቁጥርም በየዓመቱ ለደጋፊው ቢያሳውቅ መልካም ነው። የቋሚ ተሰላፊዎችን ውል እስኪያልቅ መጠበቅም ሊቆም ይገባል፤ ውሉ ሊያልቅ አንድ ዓመት ሲቀረው ወይ መታደስ፣ ወይ ተተኪው ከወዲሁ መዘጋጀት አለበት። የከተማው አስተዳደርና የክልሉ የስፖርት ቢሮ ያሉባቸውን ብዙ ጫናዎች ጋዜጣው አይዘነጋም፤ ሆኖም የእግር ኳስ ድጋፋቸውን ከግዢ ወደ ሥልጠና ለማዞር ተጨማሪ በጀት ሳይሆን የአሠራር ለውጥ እንደሚበቃ በአክብሮት ያሳስባል።

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንም የራሱ ድርሻ አለው። ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ፊፋ፣ ተጫዋች ወደ ውጭ ሲዛወር ከዝውውር ክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ላሳደጉት ክለቦች እንዲከፋፈል ደንግጓል። የሀገር ውስጥ ዝውውርን በተመለከተም አባል ፌዴሬሽኖች ወጣት የሚያሠለጥኑ ክለቦችን የሚክስ ሥርዓት በደንባቸው እንዲያካትቱ ይጠይቃል። በሀገራችን ግን ልጅ ያሳደገ ክለብ፣ ልጁ ውሉን ጨርሶ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተርፈው ክፍት ቦታ ነው። ማሳደግ የሚያከስር፣ መግዛት የሚያዋጣ እስከሆነ ድረስ የትኛውም ክለብ አካዳሚ፣ ማለትም ትምህርትንና ሥልጠናን ያጣመረ የታዳጊዎች ማዕከል፣ ለመክፈት አይነሣሣም። ፌዴሬሽኑ ይህን ካሣ በሀገር ውስጥ ዝውውር ተፈጻሚ ቢያደርግ፣ ከሁሉም በፊት የሚጠቀሙት ብዙ ልጅ ኖሯቸው ጥቂት ገንዘብ ያላቸው የክልል ክለቦች ናቸው።

የመቐለ ደጋፊም በየክረምቱ ማን ፈረመ ብሎ የሚጠይቀውን ያህል፣ ከተስፋ ቡድን ማን አደገ ብሎ መጠየቅ መጀመር አለበት፤ አመራር የሚሠራው የሚጠየቅበትን ነውና። ዛሬ በዓዲ ሓቂ የ13 ዓመት ልጅ ሥልጠና ቢጀምር በ2023 ዓ.ም. ገደማ ለዋናው ቡድን ይደርሳል፤ ዛሬ ካልተጀመረ ግን በዚያን ጊዜም ክለቡ ተጠባባቂ ወንበሩን ለመሙላት ገበያ ይወጣል። ሥራው በዚህ ክረምት ይጀመር።