ለዋጭ ሁሉ አንድ አይደለም

«የናሙና ፍጥነት ለዋጭ ሁሉ አንድ ነው፤ ፈጣኑን ምረጡ» የሚለውን ጽሑፍ አነበብሁ። ስሕተት ነው፤ የሚጎዳውም ድካማቸውን አምነው የሚሰጡንን ሙዚቀኞች ነው።

በ96 ኪሎኸርትዝ የተቀዳ ድምፅ እስከ 48 ኪሎኸርትዝ ያለውን ንዝረት ይይዛል። ወደ 44.1 ሲወርድ ከ22.05 በላይ ያለው ሁሉ አስቀድሞ በማጣሪያ መወገድ አለበት። ካልተወገደ አይጠፋም፤ ታጥፎ ይመለሳል። ማንም የማይሰማው የ30 ኪሎኸርትዝ ንዝረት 14.1 ላይ ቁጭ ይላል፤ እዚያ ደግሞ ጆሮ ይሰማዋል። ከዜማው ጋር ምንም ዝምድና የሌለው እንግዳ ድምፅ ነው።

ጸሐፊው «በ88.2 ብትቀዱ ለሁለት መክፈል ብቻ ነው» ይላሉ። አንዱን ናሙና ትቶ ሌላውን መውሰድ ማጣሪያ አይደለም! የ96 ወደ 44.1 ምጥኔ፣ 320 ለ147፣ እንደ ሁለት ለአንድ ቀላል ባይሆንም ለዛሬ ኮምፒውተር ሸክም አይሆንም።

ጆሯችሁን ከተጠራጠራችሁ ዓይናችሁን እመኑ። በ96 ከታች እስከ 48 ኪሎኸርትዝ የሚወጣ ንጹሕ ቃና ሠርታችሁ ለውጡትና ስፔክትሮግራሙን ተመልከቱ። በጥሩ ለዋጭ አንድ መስመር ወጥቶ 22 አካባቢ ይቆማል፤ በመጥፎው ተንጸባርቆ ቁልቁል ይወርዳል። ሶክስ (SoX) የተባለው ጥሩ ለዋጭ በነጻ የሚገኝ ነው፤ ስለዚህ ዋጋም ሰበብ አይሆንም።