የቬሮና ገበታና መድረክ፦ የእንግዳው ገንዘብ እስከ እርሻው የሚዘልቀው መቼ ነው?

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባሕል ድርጅት (ዩኔስኮ) እ.ኤ.አ. በ2023 የጣሊያንን የኦፔራ አዘፋፈን፣ በ2025 ማብቂያ ደግሞ የሀገሪቱን የምግብ ባሕል በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሯል። ውሳኔዎቹ በተለያየ ጊዜ ቢተላለፉም የሚያመለክቱት አንድ የቆየ ልማድን ነው። በጣሊያን ጥንታዊ ከተሞች ከቤት ወጥቶ መመገብና ባሕላዊ ትዕይንት መታደም ተነጣጥለው አይታዩም። እንግዳው ቀን ቅርስ ሲጎበኝ ይውላል፤ ሲመሽ የአካባቢውን ምግብ ቀምሶ ወደ ሙዚቃው ወይም ወደ ቴአትሩ ያመራል።

እንዲህ ያለው ምሽት ብዙ ገንዘብ ያንቀሳቅሳል። ለገበሬውም ኾነ ለከተማ ነዋሪው ግን ዋናው ጥያቄ የገንዘቡ ብዛት ሳይኾን መድረሻው ነው። ከእንግዳው ኪስ የወጣው ገንዘብ በምግብ ቤቱ ባለቤትና በሆቴሉ ዘንድ ብቻ ይቀራል? ወይስ ሩዙን ያመረተውን፣ ወይኑን የለቀመውን፣ መድረኩ ላይ የዘፈነውን ሰው ጭምር ያገኛል? ለዚህ ጥያቄ በሰሜን ጣሊያን የምትገኘው ቬሮና ጥሩ ማሳያ ናት።

ቬሮና በአዲጄ ወንዝ ዳርቻ የተቆረቆረች፣ ሩብ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። ታሪካዊው ማዕከሏ እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከቅርሶቿ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው “አሬና” የተሰኘው፣ ሮማውያን በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን በድንጋይ ያነጹት ክብ የትዕይንት ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1117 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አብዛኛውን የውጭ ግንብ ስላፈረሰው ዛሬ ከዚያ ግንብ ቆመው የሚታዩት አራት ቅስቶች ብቻ ናቸው። ውስጠኛው ክፍልና የድንጋይ መቀመጫዎቹ ግን ዛሬም አገልግሎት ይሰጣሉ።

ይህ ጥንታዊ ስፍራ የኦፔራ መድረክ የኾነው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 1913 ነው። ኦፔራ ተውኔቱ በሙሉ በዜማና በሙዚቃ የሚቀርብበት የቴአትር ዓይነት ሲኾን፣ የታላቁ የሙዚቃ ደራሲ የጁሴፔ ቬርዲ መቶኛ የልደት ዓመት በተከበረበት በዚያ ዘመን፣ ጆቫኒ ዜናቴሎ የተባለው የቬሮና ተወላጅ ድምፃዊ ከባልደረቦቹ ጋር “አይዳ” የተሰኘውን የቬርዲን ሥራ በአሬናው አቀረበ። ሥራው መጀመሪያ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1871 በካይሮ ነበር። ባለታሪኳ አይዳ በግብፅ ምድር የተማረከች የኢትዮጵያ ልዕልት ናት፤ አባቷ አሞናዝሮም የኢትዮጵያ ንጉሥ ተብሎ ይቀርባል። ታሪኩ የአውሮፓውያን ምናብ የወለደው እንጂ በኢትዮጵያ የታሪክ መዛግብት የሚገኝ አይደለም። ያም ኾኖ የቬሮና የበጋ ምሽቶች ዝና የተገነባው የኢትዮጵያን ስም በሚያነሳ ሥራ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ፌስቲቫሉ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ተቋርጦ የነበረ ሲኾን እ.ኤ.አ. በ2023 ለመቶኛ ጊዜ ተካሂዷል። በቅርብ ዓመታት በአንድ የበጋ ወቅት ወደ 400 ሺህ የሚጠጋ ተመልካች ያስተናግዳል። ትዕይንቱ የሚጀምረው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ብዙ ጊዜም እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ይጠናቀቃል። በዚህ የተነሳ በአሬናው ፊት ለፊት ባለው “ብራ” አደባባይና በአካባቢው የሚገኙ ምግብ ቤቶች አንድን ተመልካች ሁለት ጊዜ የማስተናገድ ዕድል ያገኛሉ። ከፊሉ ሰው ከትዕይንቱ በፊት ይመገባል፤ ከፊሉ ደግሞ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ማዕድ ይቀርባል። አንድ መድረክ ለምግብ አብሳዩ፣ ለአስተናጋጁ፣ ለታክሲ ነጂውና ለልብስ ሰፊው ሥራ የሚፈጥረው በዚህ መንገድ ነው።

ትኩረት የሚሻው ሌላ ጉዳይ የመግቢያ ዋጋው ነው። ከመድረኩ ፊት ያሉት ወንበሮች በመቶዎች በሚቆጠር ዩሮ ይሸጣሉ። በላይኛው የድንጋይ ደረጃ ላይ የሚቀመጥ ሰው ግን በጥቂት አሥር ዩሮ ይገባል። ትዕይንቱ ሲጀመር በደረጃዎቹ ላይ ትንንሽ ሻማ የማብራት የቆየ ልማድም አለ። ባለጸጋውና ሠራተኛው አንድ ትዕይንት እኩል መታደማቸው ኦፔራው ከከተማዋ ሕዝብ እንዳይለይ ረድቶታል።

ወደ ገበታው ስንመጣ የቬሮና ምግብ መሠረቱ የድሃ ማዕድ መኾኑን እናያለን። “ፖሌንታ” ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ ገንፎ ነው፤ ለብዙ ዘመን የአካባቢው ገበሬ የዕለት ምግብ ኾኖ ኖሯል። ከድንች የሚዘጋጀው “ኞኪ” ደግሞ ከሁዳዴ ጾም በፊት በሚውለው ካርኒቫል በተለየ ድምቀት ይበላል። በአካባቢው ቀይ የወይን ጠጅ የሚበስለው ሩዝም በዛሬዎቹ ምግብ ቤቶች ከሚፈለጉት ምግቦች አንዱ ነው። እንግዳው ከሩቅ ተጉዞ የሚመጣው በየትኛውም ሀገር የሚያገኘውን ምግብ ፍለጋ ሳይኾን ይህን ለመቅመስ ነው።

እንግዲህ የእንግዳው ገንዘብ ወደ እርሻው የሚወርድበት መስመር እዚህ ላይ ይጀምራል። በምግብ ዝርዝሩ ላይ የሚጻፈው “ሩዝ” ተብሎ ብቻ አይደለም፤ “ቪያሎኔ ናኖ ቬሮኔዜ” ተብሎ ነው። ይህ ሩዝ ከቬሮና በስተደቡብ ባለው ሜዳማ መሬት ላይ፣ ከምንጭ በሚጠለፍ ውኃ የሚለማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የመልክዐ ምድር ስም ጥበቃ አግኝቷል። ከዚያ አካባቢ ውጭ የበቀለን ሩዝ በዚህ ስም መሸጥ በሕግ ያስጠይቃል። በተራሮቹ ላይ ከሚሰማሩት ላሞች ወተት የሚሠራው “ሞንቴ ቬሮኔዜ” የተሰኘው አይብም ተመሳሳይ ጥበቃ አለው።

ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው ግን “አማሮኔ” የተባለው የወይን ጠጅ ነው። የሚመረተው ከከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ በሚጀምረው የቫልፖሊቼላ ኮረብታማ ስፍራ ነው። ገበሬዎቹ በመኸር የለቀሙትን የወይን ዘለላ ወዲያው አይጨምቁትም። ነፋስ በሚገባበት ሰፊ ጎተራ፣ በመደርደሪያ ላይ አስጥተው ለሦስት ወይም ለአራት ወራት ያደርቁታል። ፍሬው ከክብደቱ ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ጣዕሙ የሚጠነክረውና ዋጋው የሚጨምረው በዚህ ሂደት ነው። ከዚህም በላይ ለዚህ ጠጅ ሊደርቅ የሚፈቀደው የወይን መጠን ገደብ አለው፤ አምራቾቹ የተደራጁበት የጥበቃ ማኅበርም ገበያው ሲቀዘቅዝ ገደቡ እንዲጠብቅ ለክልሉ መንግሥት ጥያቄ ያቀርባል። ዓላማው ከመጠን ያለፈ ምርት ዋጋውን እንዳይጥለው መከላከል ነው። በየጠርሙሱ አንገት ላይ የሚለጠፈው ባለቁጥር የመንግሥት ማኅተም ደግሞ አስመሳይ ምርት ከገበያ እንዲርቅ ያግዛል።

ከዚህ የምንረዳው ነገር ግልጽ ነው። ለገበሬው ጥቅም ያስገኘለት የቱሪስት መብዛት ብቻ አይደለም። ምርቱ ስም ያለው፣ ስሙ ሕግ የሚጠብቀው፣ ሕጉም በተደራጁ አምራቾች የሚከበር መኾኑ ነው። እነዚህ ሦስቱ ባይኖሩ ኖሮ ምግብ ቤቱ በርካሽ የተገዛ ሩዝ አብስሎ በቬሮና ስም ይሸጥ ነበር፤ እንግዳውም ልዩነቱን ሳያውቅ ከፍሎ ይሄድ ነበር። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ “ቪኒታሊ” የተሰኘውን ዓለም አቀፍ የወይን ጠጅ ዐውደ ርዕይ ማስተናገዷም ለአምራቹ ገዥን በደጃፉ አምጥቶለታል።

ይኹን እንጂ የቬሮናን ታሪክ እንከን የለሽ አድርጎ ማቅረብ አንባቢን ማሳሳት ይኾናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሬናውን ትዕይንቶች የሚያዘጋጀው ተቋም በዕዳ ተዘፍቆ በልዩ ኮሚሽነር እንዲመራ ተደርጎ ነበር። ቋሚው የባሌ ዳንስ ቡድን ተበተነ፤ የቀሩት ሠራተኞችም በየዓመቱ ከሥራና ከደመወዝ ርቀው የሚቆዩበትን ጊዜ ለመቀበል ተገደዱ። ያ ሁሉ ሕዝብ በሚጎርፍበት ስፍራ እንኳ አስተዳደሩ ከተበላሸ ቀድሞ የሚጎዳው ጥበበኛው መኾኑን ይህ ያሳያል። ለቅርስ ጥገና ግን ሀገሪቱ አንድ ጠቃሚ መላ አበጅታለች። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሕግ ለሕዝብ ቅርስ ገንዘብ የሚለግስ ሰው ወይም ድርጅት ከለገሰው 65 በመቶው ከግብሩ ላይ እንዲታሰብለት ይፈቅዳል። የአሬናው እድሳት በዚህ መንገድ ከተገኘ ገንዘብ ተጠቃሚ ኾኗል።

ሁለተኛው ችግር የነዋሪው ነው። በከበደ ሚካኤል ትርጉም የአማርኛ አንባቢ የሚያውቃት ዡልየት “ቤት” የምትባለው ስፍራ በየቀኑ በጎብኚ ትጨናነቃለች። ይሁንና ሕዝቡ ተሰልፎ የሚያየው ሰገነት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከሌላ ስፍራ በመጣ የቆየ ድንጋይ የተገጠመ ነው። እንግዳ ሲበዛ በማዕከሉ ያሉ መኖሪያ ቤቶች ለአጭር ጊዜ ቆይታ መከራየት ይጀምራሉ፤ ለቋሚ ነዋሪ የሚተርፈው ቤት ይቀንሳል፤ ኪራይም ይወደዳል። የጣሊያን መንግሥት ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ ለእንግዳ የሚከራይ ቤት ሁሉ ብሔራዊ መለያ ቁጥር እንዲኖረው ያስገደደው በመላ ሀገሪቱ የተስፋፋውን ይህን ኪራይ ለመቆጣጠር ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉም የከፋው ችግር በእርሻው ላይ የሚታየው ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የጣሊያን የፋይናንስ ፖሊስ በቬሮና አውራጃ 33 ሕንዳውያን የእርሻ ሠራተኞችን ከባርነት ከማይለይ ሁኔታ ነጻ ማውጣቱን አስታውቋል። ፖሊስ እንደገለጸው ሠራተኞቹ ፓስፖርታቸው ተቀምቶ፣ በቀን ከ10 ሰዓት ያላነሰ፣ በሰዓት በ4 ዩሮ ሒሳብ፣ ያለ ዕረፍት ቀን ይሠሩ ነበር። የምርት ስም በሕግ ተጠብቆ የአምራቹ ጉልበት ካልተጠበቀ ፍትሕ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀገራት ልጆቹን የላከ ቤተሰብ የዚህን ክብደት ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

“ባሕል የማን ነው?” የሚለው ጥያቄም በከተማዋ ክርክር አስነስቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 አስተዳደሩ በታሪካዊው ማዕከል እንደ ኬባብ ያሉ የውጭ ምግቦችን የሚሸጡ አዳዲስ ቤቶች እንዳይከፈቱ ከለከለ። ደጋፊዎቹ የከተማዋን ገጽታ መጠበቅ ነው አሉ፤ ተቃዋሚዎቹ ደግሞ መጤውን ማግለል ነው ሲሉ ተከራከሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። የቬሮና መለያ ተብለው የሚነገርላቸው ፖሌንታና ኞኪ የሚሠሩበት በቆሎና ድንች ራሳቸው ከአሜሪካ ምድር የመጡ ሰብሎች ናቸው። የዛሬው ነባር ምግብ የትናንት እንግዳ ነበር።

በመድረኩም ላይ ተመሳሳይ ክርክር ተነስቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 አንጀል ብሉ የተባለችው ጥቁር አሜሪካዊት ድምፃዊት በአሬናው ልታቀርበው ከነበረ ሥራ ራሷን አገለለች። ምክንያቷም በዚያው የበጋ ወቅት በቀረበው አይዳ ላይ ነጭ ድምፃውያን ፊታቸውን በቀለም አጥቁረው መቅረባቸው ነበር። የኢትዮጵያዊቷን ልዕልት የምትወክል ተዋናይ ቆዳዋን ቀብታ ትቅረብ ወይስ አትቅረብ የሚለው ሙግት እኛንም ከሩቅ የሚነካ ነው። የሌላን ሕዝብ ስም ይዞ የሚያተርፍ መድረክ ለዚያ ሕዝብ ክብር መጠንቀቅ ይጠበቅበታል።

ከቬሮና የሚወሰደው ትምህርት መኮረጅ አይደለም። የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979፣ የጥምቀት በዓል ደግሞ በ2019 በዩኔስኮ የተመዘገቡ ናቸው፤ የአዝማሪው ጥበብም ከምግብና ከመጠጥ ቤት ጋር የኖረ ነው። ቅርስ፣ ገበታና ጨዋታ በአንድ ምሽት መገናኘታቸው በሀገራችንም እንግዳ ነገር አይደለም። የጎደለው በገበታው ላይ የሚቀርበው ማር፣ ጤፍ ወይም ቅቤ ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ በስም መጠራቱና ያ ስም በሕግ መጠበቁ ነው። ኢትዮጵያ የሐረር፣ የሲዳሞና የይርጋ ጨፌ ቡናዎችን ስም በውጭ ሀገራት በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ያደረገችው ትግል መንገዱ የማይታወቅ እንዳልኾነ ያመለክታል።

ሥራው ግን በመንግሥት ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ገበሬው በኅብረት ሥራ ማኅበሩ የጥራት ደንብ ማውጣትና ደንቡን የጣሰውን አባል መገሠጽ ይኖርበታል። ምግብ ቤቱም የገዛበትን ስፍራ በምግብ ዝርዝሩ ላይ መጻፍ ይችላል። የከተማ አስተዳደሩ ደግሞ ለእንግዳ የሚከራየውን ቤት ከመመዝገብ ባሻገር ነዋሪው ከመንደሩ እንዳይገፋ የመጠበቅ ኀላፊነት አለበት። የከተማ ቱሪዝም ስኬት በሆቴሎች የአልጋ ቁጥር ብቻ አይለካም። እንግዳው ለእራቱ ከከፈለው ላይ ለአራሹ፣ ለወጥ ሠሪዋና ለአዝማሪው የደረሰው ድርሻም መቆጠር አለበት።