ስለ ድራፍት (ቢራው አይደለም)

ድራፍት ስል ቢራ የታያችሁ ካላችሁ አልፈርድባችሁም። እኔም ቃሉን ከዚህ ጨዋታ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው ጉሮሮዬን ነው የጠራረግሁት። ነገሩ ግን ካርድ ነው። ካርድ ብቻ ሳይሆን ጠብ ነው፤ ዛሬ ጠቡን ልጨርሰው ነው የመጣሁት።

የአክስቴ ልጅ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ከቨርጂኒያ ሲመጣ፣ ዘመድ ሁሉ ሽቶና ጫማ ሲጠብቅ እሱ ከሻንጣው አንድ ሳጥን ማጂክ መዘዘ። ማጂክ፡ ዘ ጋዘሪንግ። ሪቻርድ ጋርፊልድ የሚባል የሒሳብ ሰው የፈጠረው፣ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በ1993 ለገበያ ያወጣው፣ ዛሬ ልጆች ለሚሰበስቡትና ለሚለዋወጡት የካርድ ጨዋታ ሁሉ በር የከፈተ ጨዋታ ነው። በሳጥኑ 36 እሽግ፣ በእሽጉ 14 ካርድ። እኛ ስድስት ነበርን፤ ከኮንከር ውጪ ካርታ የማናውቅ። «ጀማሪ ስለሆናችሁ በሲልድ እንጀምር፤ ድራፍት ይከብዳችኋል» አለን። እሺ አልን። እሱ ያውቃላ!

በአንድ ምሽት 36ቱም እሽግ ተቀደደ። አንዷ ጓደኛችን ሁለት ዘንዶ ወጣላትና ሁላችንንም በየተራ አቃጠለችን። እኔ አንድም ሳላሸንፍ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሶፋው ላይ ተኛሁ። ጠዋት ቁርስ ላይ የአክስቴ ልጅ ፈገግ ብሎ «አሁን ጨዋታው ስለገባችሁ በሚቀጥለው ድራፍት እናደርጋለን» አለ። «በየትኛው እሽግ?» አልነው። ዝም። እንኳን ሳጥን፣ አንዲት እሽግ እንኳ ከሰው ሻንጣ ውጪ የምናገኝበት መንገድ አልነበረንም።

እንግዲህ ለማያውቅ ባጭሩ። ይህን ጨዋታ ብዙ ሰው የሚጫወተው ቤቱ ካጠራቀመው ካርድ መርጦ 60 ካርድ አዘጋጅቶ በመምጣት ነው። ያኔ ብዙ ያወጣ ብዙ ምርጫ አለው። ሊሚትድ የሚባለው አጨዋወት ይህን ያስቀራል፤ ሁሉም ባዶ እጁን ይመጣል፣ እዚያው እሽግ ይከፈታል፣ ከተከፈተው ቢያንስ 40 ካርድ ያለው መጫወቻ ይሠራል። አብዛኛው ሰው 17 መሬትና 23 ሌላ ካርድ ያደርጋል። (መሬት ሲባል ሊዝ ትዝ ያላችሁ ተረጋጉ፤ መሬት ማለት ሌላውን ካርድ ለመጣል ጉልበት የሚገኝበት ካርድ ነው፣ ተራው መሬት በነጻ ይሰጣል።) እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ወንድማማችና እህትማማች ነን። የምንጣላው እሽጉ እንዴት ይከፈት ላይ ነው።

በሲልድ ለእያንዳንዱ ሰው ስድስት እሽግ ይታደለዋል። ይቀድዳል፤ የወጣለት ወጣለት። አለቀ።

በድራፍት ለእያንዳንዱ ሦስት ነው። አንዱን ትከፍታላችሁ፣ አንድ ካርድ ትመርጣላችሁ፣ የቀረውን በግራችሁ ላለው ታሳልፋላችሁ፤ በቀኛችሁ ያለው ደግሞ የሱን ያሳልፍላችኋል። ከዚያም አንድ ትወስዳላችሁ፣ እንደገና ታሳልፋላችሁ፤ እንዲህ እያለ ካርዱ እስኪያልቅ ይዞራል። ሁለተኛው እሽግ ወደ ቀኝ፣ ሦስተኛው ተመልሶ ወደ ግራ ይዞራል። የሰፈር ኳስ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱ አምበሎች «አንተ አንድ፣ እኔ አንድ» እያሉ ልጅ ሲመርጡ አይታችኋል? እሱ ነው። ልዩነቱ እዚህ ስምንት አምበል መኖሩና ሌላው ማንን እንደመረጠ አለማየታችሁ ነው።

አሁን ቁጥር ላንሳ፤ ጋዜጠኝነት ስንማር ሒሳብ እንደማያስፈልግ የነገሩን ሰዎች ይቅር ይበሉኝ። በሲልድ ስድስት እሽግ በ14 ስታባዙት ምሽቱን ሙሉ የምታዩት 84 ካርድ ነው። በስምንት ሰው ድራፍት ደግሞ መጀመሪያ 14፣ ቀጥሎ 13፣ ቀጥሎ 12 እያላችሁ እሽጎቹ አንድ ዙር ዞረው የራሳችሁ ወደ እናንተ እስኪመለስ ያያችሁትን ደምሩት። 84! በመጀመሪያው ዙር ብቻ፣ ከሦስቱ እሽጋችሁ አንዱን ብቻ ከፍታችሁ፣ በሲልድ በስድስት የምታዩትን ያህል አያችሁ ማለት ነው። በሦስቱም ዙር 252 ካርድ። ታዲያ ጀማሪ ጨዋታውን በየትኛው ነው የሚማረው? በአንዱ 84 ካርድ አፍጥጦበት «ከዚህ ውስጥ 23 አውጣ» ይባላል፤ የትኛው ጥሩ እንደሆነ ሳያውቅ። በሌላው በአንድ ጊዜ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከእነዚህ የቱን ትወስዳለህ? «ድራፍት ይከብዳል» የሚሉት ሰዎች ይህን አስበውት ያውቃሉ ወይ?

ደግሞ ዕድሉን ተመልከቱ። ድሮ በአንድ እሽግ በደንቡ አንድ ሬር (ብርቅ የሚሉት ካርድ) ነበር የሚገኘው፤ ከ2008 ጀምሮ አልፎ አልፎ በሬሩ ቦታ ሚቲክ የሚባል የባሰ ብርቅ ይገባል። በየካቲት 2024 ኩባንያው እሽጉን ለወጠው። ፕሌይ ቡስተር ይባላል፣ በአንዱ ውስጥ ከአንድ እስከ አራት ሬር ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ በሲልድ አንዷ ስድስት ሬር ይዛ ስትቀመጥ አጠገቧ ያለው አሥር ሊይዝ ይችላል፤ ማንም ምንም አላጠፋም፣ ግን ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ተዘንብሏል። በድራፍትስ? በከፈታችሁት እሽግ ሁለት ዘንዶ ቢወጣ አንዱን ብቻ ትወስዳላችሁ። ሁለተኛው ለጎረቤት ነው። ዕድል ብቻዋን አትበላም፣ ታጎርሳለች።

የድራፍት ጣዕሙ ግን ከዚህም ያልፋል። ጨዋታው አምስት ቀለም አለው፤ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። አብዛኛው ተጫዋች ሁለቱን ይይዛል። ከቀኛችሁ ስድስተኛና ሰባተኛ ላይ አሪፍ አረንጓዴ ካርድ እየመጣ ከሆነ፣ በዚያ በኩል አረንጓዴ የሚፈልግ የለም ማለት ነው። ማንም አፉን ሳይከፍት ጎረቤታችሁ ወሬ ላከባችሁ። እናንተም በምታሳልፉት ወደ ግራ ትልካላችሁ። (ምቀኛም አለ፤ ለሱ የማይጠቅመውን ካርድ እናንተ እንዳታገኙት ብሎ የሚወስድ። እኔ ነኝ።) ሲልድ ላይ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የየራሱን ክምር ይቆጥራል፤ ክፍሉ የፈተና አዳራሽ ይመስላል።

መልሱን አውቀዋለሁ፣ ሰምቼዋለሁ። «ሲልድም ችሎታ ይጠይቃል፣ ጎበዝ ተጫዋች በመጥፎ ካርድም ያሸንፋል።» ልክ ነው፤ ከ84 ካርድ ውስጥ ትክክለኛውን 23 ማውጣት ቀልድ አይደለም። ነገር ግን እሱ የጎበዝ ጨዋታ ነው ብላችሁ ከሆነ የምትከራከሩት፣ ለምንድን ነው ለጀማሪ የምትሰጡት? አዲስ የካርድ ስብስብ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት የሚደረገው የሙከራ ውድድር፣ ፕሪሪሊዝ የሚሉት፣ አዲስ ሰው የሚጋበዝበት ድግስ ነው፤ በሲልድ ነው የሚደረገው። ፕሮ ቱር ላይ ግን ዓለም ያፈራቸው ጎበዞች ሲቀመጡ ሊሚትዱ በድራፍት ነው። የቀድሞዎቹ የሊሚትድ ግራንድ ፕሪዎችም የመጀመሪያው ቀን ሲልድ፣ ለሁለተኛው ቀን ላለፉት ድራፍት ነበሩ። ለብዙሃኑ ዕጣ፣ ለጥቂቱ ምርጫ!

እርግጥ ለአዘጋጅ ሲልድ ይመቻል፤ ሰባት ሰው ቢመጣም አሥራ ሦስት ቢመጣም፣ አንዱ ቢያረፍድም ችግር የለም። ይህን አልክድም። ግን የሒሳብ ወረቀቱን ገልብጡት፦ በሲልድ ለአንድ ሰው ስድስት እሽግ ይሸጣል፣ በድራፍት ሦስት። ዊዛርድስ ከ1999 ጀምሮ የሃዝብሮ ንብረት ነው፤ ሃዝብሮ ደግሞ እድር አይደለም። ሻጩ ግማሽ ዋጋ ያለውን አጨዋወት «ለአንተ ይከብድሃል» ሲላችሁ ትንሽ ጠርጥሩ። የእኛ 36 እሽግ ለስድስት ሰው ሁለት ድራፍት ይሆን ነበር። አንድ ቅዳሜ ሰረቁን።

«በስልክ ተጫወቱት» የምትሉም አላችሁ። አሬና የሚባለው ፕሮግራም ላይ ሞክሬዋለሁ። ከሰው ጋርም ከሮቦትም ጋር ድራፍት አለው። ሮቦት ግን አይኮሳተርም፤ ዘንዶ ስትወስዱበት ፊቱን የማታዩት ሰው ምን ያደርጋል?

ለጀማሪ ድራፍት በእርግጥ ያስጨንቃል ካላችሁ መፍትሔው ሲልድ አይደለም። ሮቼስተር የሚሉት አለ፤ እሽጉ ተከፍቶ ካርዱ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ በግልጽ ይዘረጋል፣ ሰው በተራ አንድ አንድ ያነሳል። ቀርፋፋ ነው፣ ቡና ያፈላል፣ ግን ሁሉም ሰው የሁሉንም ምርጫ ያያል፣ ጎበዙ ለምን ያንን እንዳነሳ ትጠይቁታላችሁ። ሁለት ብቻ ከሆናችሁ ደግሞ ዊንስተን አለ፤ ካርዱ ተገልብጦ ከሦስት ትናንሽ ክምር አንዱን አይታችሁ ትወስዳላችሁ ወይም አንድ ካርድ ጨምራችሁበት ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ።

እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ። በዚያች ክፉ ሌሊት የተበተነውን ካርድ ለቀምን። ዘንዶዎቹን ጨምሮ! ባለቤቷ ሁለት ሳምንት አኩርፋ ነው የሰጠችን። ተራውን መሬት ለይተን ቀሪውን በአንድ የጫማ ካርቶን አጠራቀምነው፤ ካርዱ የማንም አይደለም፣ የካርቶኑ ነው። ስንገናኝ በውዝተን ለስድስት ሰው 18 እሽግ፣ በእሽጉ 15 ካርድ እየቆጠርን በደብተር ወረቀት እንጠቀልላለን፤ 270 ካርድ። ከተጫወትን በኋላ ሁሉም ወደ ካርቶኑ ይመለሳል። ፈረንጆቹ ተመርጦ የተሰናዳውን እንዲህ ያለ ስብስብ ኪዩብ ይሉታል። የእኛው ያልተመረጠ፣ የተገኘውን የያዘ ኪዩብ ነው። እስካሁን አንድም እሽግ አልገዛንም።

የአክስቴ ልጅ ለገና እመጣለሁ ብሏል፣ ሳጥን ላምጣ ወይ ብሎም ጠይቋል። አምጣ አልነው። ግን እሽጉን የምንከፍተው እኛ ነን፤ እሱ ቡና ይወቅጣል።