ሞተሩ ተጠግኖ ሲያልቅ የምትነዳው «አንዲት ዙር»

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መድኃኒት ሳይሆን እሁድ እሁድ በየግቢያችን ስለሚፈታታው ሞተር ሳይክል ነው።

የተክለ ሃይማኖት ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ሶማሌ ተራ ቅርብ ስለሆነ ካንዴላውንም የፍሬን ሸራውንም ገዝቶ በእግር መመለስ ይቻላል። ከዚያ ካርቶን አንጥፎ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ደርድሮ ሥራ መጀመር ነው። በ2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ከጣለ ወዲህ ደግሞ ሞተር የሚይዘው በአብዛኛው በፈቃድ የሚሠራ፣ ዕቃና መልእክት የሚያደርስ ሰው ነው። ሞተሩ እንጀራው ነው ማለት ነው፤ ቆሞ ከዋለ ቤተሰቡም አብሮ ይቆማል።

አንዳንድ እናቶች «ዶክተርዬ፣ ልጄን ሞተሩን ተው በይልኝ» ይሉኛል። እኔ ግን አልልም። ካቴናውን በጊዜው የሚያጠብቅ፣ ፍሬኑን ራሱ የሚያይ ሰው ሞተሩን ያውቀዋል፤ ይህ በራሱ አደጋ ይቀንሳል። ስልኩን አስቀምጦ ሁለት ሦስት ሰዓት በእጁ መሥራቱ፣ ከአባቱ ወይም ከጎረቤቱ ጋር «ያቺን ቁልፍ አቀብለኝ» እየተባባለ መዋሉ ለአእምሮ ትልቅ ዕረፍት ነው። አልነሣ ያለው ሞተር ተነሥቶ ነፋሱ ፊትን ሲመታ የሚሰማው ደስታም እውነተኛ ነው። ያንን ደስታ ከማንም መንጠቅ አልፈልግም።

የምከራከረው ጥገናው ስላለቀበት ደቂቃ ነው። «እስቲ አንዴ ልሞክረው፣ እስከ አደባባዩ ደርሼ ልምጣ» ይባላል። ሄልሜቱ ቤት ውስጥ ነው፣ እግር ላይ ያለው ነጠላ ጫማ ነው፣ ትንሹ ልጅም «እኔንም! እኔንም!» እያለ ከፊት ይቀመጣል። በእኔ እምነት በሳምንቱ ውስጥ ካሉት ጉዞዎች ሁሉ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ይህኛው ነው። ፍሬኑ ገና አሁን ተፈቶ የተገጠመ ነው፤ አዲስ ሸራ እስኪላመድ ድረስ እንደ ድሮው አይዝም፤ ያልጠበቀ ብሎን ሊኖር ይችላል። ሞተሩ ያልተረጋገጠበት ሰዓት ላይ ነጂው ራሱን የሚጠብቅበት ምንም ነገር የለውም። መንገዱ ደግሞ የተክለ ሃይማኖት መንገድ ነው፤ ሚኒባሱ፣ ጋሪው፣ ተሸካሚው፣ ኳስ የሚያባርረው ልጅ ሁሉም እዚያው ነው።

«ሰፈር ውስጥ ነው፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» ለሚል አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ሞተሩን ከልቡ ይወድ የነበረው እንግሊዛዊው ቲ. ኢ. ሎረንስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 ቴሌግራም ልኮ ሲመለስ፣ ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ፣ ብስክሌት የሚነዱ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ወደቀ። ሄልሜት አላደረገም ነበር። ጭንቅላቱ ተጎድቶ ከስድስት ቀን በኋላ በ46 ዓመቱ ሞተ። ካዩት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ ነበሩ። እኚህ ሐኪም በኋላ የሞተረኞችን የጭንቅላት ጉዳት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1941 ጽሑፋቸውን አወጡ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር መልእክተኛ ሞተረኞቹ ሄልሜት እንዲያደርጉ አዘዘ። ዛሬ ብዙ ጥናቶች ተደምረው የሚያሳዩት ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የመሞት ዕድልን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ነው። አስፋልቱ ሰፈራችሁን አይለይም።

ስለዚህ የእሁዱ ደስታ እንዳይበላሽ እነዚህን አድርጉ፦

1. ከመውጣታችሁ በፊት ሞተሩን በእጅ እየገፋችሁ የፊቱንም የኋላውንም ፍሬን ያዙ። ካልያዘ አትነሡ።

2. ሄልሜቱን ከመሣሪያዎቹ ጋር አብራችሁ አውጡት። ማሰሪያው ካልታሰረ ግን እንዳላደረጋችሁት ቁጠሩት።

3. በሙከራው ዙር ልጅ አይጫን። ከፊት የተቀመጠ ልጅ ድንገት ፍሬን ሲያዝ በአዋቂው ክብደትና በመሪው መካከል ይጨፈለቃል።

4. ሞተሩን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታስነሡ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ወዲያው ወደ አየር ውጡ።

5. ሞተሩ በርቶ ካቴና አይጸዳ። ጨርቁ ሲያዝ ጣትንም ይዞ ይገባል።

6. ማርሚታው ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ያቃጥላል። ልጅ ከተቃጠለ ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ፤ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ ወይም ዕንቁላል አይቀባ።

አንዱን ለብቻው ላንሣው፤ ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ። የጠማው ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። ከጠጣ እንዲያስመልስ አታድርጉ፣ ወተትም አትስጡ። ቤንዚን ሲያስመልስ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ትልቁ አደጋም ከሆድ ይልቅ ሳንባ ላይ ነው። ደህና ቢመስልም ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። በአፍ በጎማ ቱቦ ቤንዚን የሚስቡ አዋቂዎችም ይኸው አደጋ አለባቸው። ለአምቡላንስ 907 ይደውሉ።

እናቶች፣ «ሞተሩን ተው» ማለት ብዙ ጊዜ ጭቅጭቅ ብቻ ነው የሚያተርፈው። ይልቅ ሄልሜቱን ይዛችሁ በር ላይ ቁሙ። አባቶች ደግሞ ልጆቻችሁ ቁልፍ አያያዝ ከእናንተ እንደሚማሩ ሁሉ፣ ሄልሜት ማሰርንም ከእናንተ ነው የሚማሩት።

ሞተራችሁን ጠግኑ፣ ንዱት፣ ደስ ይበላችሁ። ብቻ ያቺን የመጀመሪያ ዙር እንደ ረጅም ጉዞ ቁጠሯት።

ሞተር ላለው ሰው ሁሉ ያጋሩ።