ልጄን ዳኛ ወሰደብኝ አትበሉኝ

ሲያትል ኤርፖርት ተራ እየጠበቅኩ ነው የምጽፈው። ሰሞኑን ቡና ልጠጣ በገባሁበት ሁሉ ወሬው አንድ ነው፤ "የአሜሪካ ፍርድ ቤት የሴት ነው፣ ልጄን አስወሰደብኝ።" እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስል ነበር። ዛሬ ግን እውነቱን እንነጋገር።

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነበር። እናቷ ሌላ ስቴት የነርስነት ሥራ አገኘችና ደብዳቤ ላከችልኝ። በዋሽንግተን ስቴት ሕግ ልጁ በብዛት አብሮት የሚኖረው ወላጅ ከትምህርት ቤቱ ዲስትሪክት ውጭ ልሂድ ካለ 60 ቀን ቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ሌላው ወላጅ ደብዳቤው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ተቃውሞ ካላስገባ መሄዱ ይፈቀዳል። እኔ ምን አደረግኩ? ደብዳቤውን ታክሲዬ ውስጥ ወረወርኩትና ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ ቡና ጠጡ፣ "እናናግራታለን" አሉ፣ 30ው ቀን አለቀ። ታዲያ ዳኛው የት አለ? ዓይቶኝ እንኳ አያውቅም!

"ብትቃወምስ ታሸንፍ ነበር?" ትሉኝ ይሆናል። ይከብደኝ ነበር። ለምን? ስንፋታ "ማታ ማታ ስለምሠራ በሁለት ሳምንት አንድ ዊኬንድ ይበቃኛል" ብዬ ፈርሜያለሁ። እንዲህ ያለ ወረቀት ካለ የሕጉ መነሻ "ይሂዱ" የሚል ነው። ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ማስረዳት የተቃዋሚው ዕዳ ነው። ዳኛው 11 ነጥቦችን ያያል፦ ልጁ ከማን ጋር ምን ያህል ቅርበት አለው፣ ዕድሜው ስንት ነው፣ የመሄዱ ምክንያት ምንድን ነው እያለ። ከ2019 ወዲህ ግን ልጁ ከሁለቱም ወላጆች ጋር ቢያንስ 45 በመቶ ጊዜ እንዲኖር የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካለ ያ መነሻ አይሠራም። ገባችሁ? ክርክሩ የሚያልቀው ሻንጣ ሲጫን ሳይሆን የመጀመሪያው ወረቀት ሲፈረም ነው።

ሕጉ እንከን የለውም አልልም። ከትምህርት ቤት በየቀኑ የማመጣት፣ ምሳዋን የማበላት እኔ ነበርኩ፤ ወረቀቱ ላይ ግን የለሁም። ግን ያላስጻፍኩትስ ማን ነው?

እናቶችን የምትሳደቡም ተዉ። ሴትዮዋ ሕጉን ጠብቃ፣ አሳውቃ፣ እንጀራዋን ፍለጋ ሄደች። እኔስ ከአገሬ የወጣሁት ለምን ሆነና?

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን አንዳንዱ በሹክሹክታ የሚሰጠው ምክር ነው፤ "ለእረፍት ብለህ አዲስ አበባ ውሰዳት፣ አበቃ።" ኢትዮጵያ ስለ ልጆች ጠለፋ የወጣው የ1980ው የሄግ ስምምነት አባል ስላልሆነች ልጅቷን በዚያ መንገድ ማስመለስ አይቻልም ብለው እንደ ብልሃት ያወሩታል። ይሄ ብልሃት አይደለም ወገኔ! በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ 3 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው። እስሩስ ይቅር፣ ልጅን ከእናቷ ነጥቆ አያቷ ጋር መጣል አባትነት ነው እንዴ?

ሽማግሌ አይምጣ አላልኩም። ሽማግሌ ያስታርቃል፤ ቀን ግን አያቆምም። ደብዳቤ የደረሰህ ወንድሜ፣ ወይ እህቴ፣ ዛሬውኑ ክፈቺው፣ ዛሬውኑ ጠበቃ ጠይቅ። ጠበቃ መክፈል ካቃተህ በፍርድ ቤቱ ቅጽ አሞላል የሚያስረዱ አሉ።

ልጄ እሁድ እሁድ በቪዲዮ ትደውላለች። "አባዬ፣ ዛሬ ስንት ሰው ጫንክ?" ትለኛለች። እቆጥርላታለሁ። ያን 30 ቀን ግን አልቆጠርኩም።

ተራዬ ደረሰ። ለሚመለከተው ሼር አድርጉት።