የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በራሱ አካል ላይ ሲዘምት፤ የምሥራቅ ጎጃም የእግር እብጠት ምን ያስተምራል?

የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ በደጀን በኩል ወደ ቢቸናና ሞጣ የሚዘልቀው መንገድ በጤፍ ምርቱ የታወቀውን የምሥራቅ ጎጃም ዞን ያቋርጣል። ፖዶኮኒዮሲስ የተሰኘው የእግር እብጠት በዚሁ ዞን በባዶ እግራቸው የሚያርሱ አርሶ አደሮችን ለጉዳት እየዳረገ ይገኛል። በሽታው በትንኝ አማካይነት ከሚተላለፈው ዝሆኔ የተለየና ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ ሲሆን፣ መነሻውም ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተገኘ ቀይ አፈር ለረጅም ጊዜ በባዶ እግር መራመድ ነው።

ይሁንና በአንድ ማሳ ላይ ከሚውሉ ሁለት ሰዎች አንዱ ሲታመም ሌላው ጤነኛ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ምላሹ የሚገኘው በሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. የ2025 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለሜሪ ብራንኮው፣ ለፍሬድ ራምስዴልና ለሺሞን ሳካጉቺ የተሰጠው ይህ ሥርዓት የራሱን አካል ከማጥቃት እንዴት እንደሚገታ በማሳየታቸው ነው። ቲ ሴል የተባሉት የሰውነት ተከላካዮች ታይመስ በተባለው ዕጢ ውስጥ ይጣራሉ፤ የራስን አካል የሚያጠቁትም ይወገዳሉ። ከማጣሪያው ያመለጡትን ደግሞ ሳካጉቺ በ1995 ያመለከቱት ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ይገቷቸዋል። ብራንኮውና ራምስዴል በ2001 ፎክስፒ3 የተባለው ዘረመል ሲጎድል ሰውነት በራሱ ላይ እንደሚነሣ አረጋግጠዋል።

ተከላካዮቹ የራስን ከባዕድ የሚለዩት በሴሎች ገጽ ላይ ባሉት ኤችኤልኤ በተባሉ ሞለኪውሎች አማካይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ መሪነት በደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕሙማንን ከ203 ጤነኞች ጋር ያነጻጸረው ጥናት፣ ለፖዶኮኒዮሲስ ተጋላጭነት ከዚሁ የዘረመል ክፍል ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። በመሆኑም እግሩን የሚጎዳው አፈሩ ብቻ ሳይሆን ሰውነት ለአፈሩ የሚሰጠው ያልተገራ ምላሽ ጭምር መሆኑን መገንዘብ ይቻላል።

ይህ ግኝት በጥንቃቄ ካልተገለጸ "በሽታው የዘር ነው" የሚለውንና ሕሙማንን ከጋብቻና ከማኅበራዊ ኑሮ የሚያገልለውን አመለካከት ሊያጠናክር ይችላል። እውነታው ግን ተጋላጭነት ፍርድ አለመሆኑ ነው። ዘረመሉ ያለው ሰው እግሩ ከአፈሩ ከተጠበቀ አይታመምም።

ለታመሙትም ቢሆን መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማንን ያሳተፈውና እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ጥናት፣ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰርና ጫማ ማድረግ አጣዳፊ ሕመሙን 19 በመቶ ያህል እንደቀነሰ አረጋግጧል።

በሽታው እ.ኤ.አ. በ2013 በሀገር አቀፉ የትኩረት የሚሹ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዕቅድ ውስጥ መካተቱ ይታወሳል። ዕቅዱ ፍሬ የሚያፈራው ግን ጫማ፣ ሳሙናና ንጹሕ ውኃ በወረዳ በጀት ውስጥ ቦታ ሲያገኙ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና መምህራንም ትክክለኛውን መረጃ ለኅብረተሰቡ ሲያደርሱ ነው። የሰውነትን የተዛባ ምላሽ የሚያርም መድኃኒት እስኪገኝ ድረስ፣ ምላሹን የሚቀሰቅሰውን አፈር ከእግር ማራቅ በእያንዳንዱ ወረዳ አቅም የሚፈጸም ተግባር ነው።