ማሽኑ የማን ነው?

ሐምሌ 2004 ዓ.ም. ላይ «ፍትሕ» ጋዜጣ 30,000 ቅጂ ታትሞ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ግቢ ሳይወጣ ቀረ። የፍትሕ ሚኒስቴር እንዳይሰራጭ አዘዘ፤ ማተሚያ ቤቱም ታዘዘ። በጋዜጣው ከነበሩት ዘገባዎች አንዱ አገሩ ሁሉ በሹክሹክታ የሚያወራው ነገር ነው፤ የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሕመም። በነሐሴ 15 መሞታቸውን ከመንግሥት ቴሌቪዥን ሰማን።

ጋዜጣው የግል ነበር። አሳታሚውም አዘጋጁም ከመንግሥት ደመወዝ አይበሉም። ማሽኑ ግን የመንግሥት ነው። አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ተከራይቶ የሚያነብ ሰው የአዘጋጁን ስም ያያል፤ እዚያው አጠገቡ ያለውን፣ ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያትመውን ድርጅት ልብ አይልም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ የማይታየው ባለቤትነት ነው።

በዚያው ዓመት፣ ከ«ፍትሕ» መታገድ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ማተሚያ ቤቱ ለአሳታሚዎች አዲስ ውል አቅርቦ ነበር። ሕግ ይጥሳል ብሎ ያመነበትን ጽሑፍ አላትምም የማለት መብት ለራሱ የሚሰጥ ውል ነው። አሳታሚዎች አጥብቀው ተቃወሙ፤ ልክም ነበሩ። ቅድመ ምርመራን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ከልክሏል። በፊት በር የተባረረው ሳንሱር በውል ስም በጓሮ ሊገባ ምን ቀረው? ሌላ ማተሚያ ቤት የሌለው አሳታሚ «አልፈርምም» ቢል የት ይሄዳል?

ከማሽኑ ሌላ ማስታወቂያም አለ፤ ስለ እሱ ብዙ አልልም። የመንግሥቱን ጋዜጣ አዲስ ዘመንን የገለጠ ሁሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጨረታ ገጽ በገጽ ተደርድሮ ያያል፤ የግል ጋዜጣ ደግሞ ማስታወቂያ ሲያጣ እንዴት እንደሚከስም ሁላችንም አይተናል።

ያው አንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ ያዛል። በመንግሥት ጣቢያ የሚሠራ ባልደረባዬ ላይ ጣቴን አልቀስርም። ዜናው የሚጀምረው ከባለሥልጣን ስብሰባ ከሆነ፣ ጥፋቱ አለቆቹን ከሚሾመው ሥርዓት ነው።

ወጣቱ አሁን ዜናውን የሚያገኘው ከስልኩ ነው፤ ወረቀት ስለማያስፈልግ ነጻ የወጣን የሚመስለው ብዙ ነው። ግን በሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ሳይከፈት ቆየ። ማተሚያ ቤቱ ጋዜጣ እንዳይከለክል፣ የቴሌኮም ድርጅትም መስመር እንዳይቆርጥ፣ ዳኛ ያልፈረመበት ትእዛዝ ዋጋ የለውም የሚል ግልጽ ሕግ እፈልጋለሁ።